በዓሣ ዘይት ብልቃጥ ውስጥ

«የሱ እጅ ሰሞኑን ልክ አይደለም። ዝም ብለህ ወደኔ ወንበር ና።»

ይህን ያለው ቀጮ ነው። ፈላስፋው ከመጋረጃው ጀርባ ማጠቢያው ላይ ጎንበስ ብሎ ፎጣ ሲጨምቅ ሰማው። ቧንቧውን ቢዘጋ መስማቱን ያውቁበታል፤ ስለዚህ ውኃውን እንደለቀቀ ቆመ። ፀጉር ቤቱ የሁለቱ ነው። ሁለት ወንበር፣ ሁለት መስታወት፣ ለወረፋ ጠባቂ አንድ አግዳሚ፣ ቀለሙ የለቀቀ አንድ መጋረጃ። ኪራዩን እኩል ይከፍላሉ፣ ደንበኛው የወደደው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ በዚህ ጉዳይ ተጣልተው አያውቁም። ደንበኛው «ምን ሆኖ ነው?» ሲል ተሰማ። ቀጮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሆነ ነገር አለ። ፊት ለፊት ቢሰድበው ይሻለው ነበር። እንዲህ ያለ ሹክሹክታ አንጀት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ፈላስፋው ደርቆ ያለቀውን ፎጣ ደጋግሞ ጨመቀው።

ፈላስፋው የሚለውን ስም ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። ወሬ እያወራ፣ መቀሱን ጆሮ አጠገብ እንደያዘ፣ ድንገት ቀጥ ይላል። ዓይኑ ተከፍቷል፣ እሱ ግን እዚያ የለም። ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ሲመለስ ከየት እንዳቆመ ስለማያውቅ «እና... ምን ነበር ያልከው?» ይላል፤ ደንበኛውም «ይሄ ሰውዬ እኮ ያስባል» ብሎ ይስቃል። ልጅ እያለ ይኸው ነገር ሌላ ስም ነበረው። «ፈዛዛው» ይሉት ነበር፤ አስተማሪው ሳይቀር ጣቱን በማስመሪያ እየመታ። ጎልምሶ፣ ትዳር ከያዘም በኋላ ነው አንዲት ሐኪም ነገሩ ፍዘት ሳይሆን ሕመም መሆኑን የነገረችው። የሚጥል በሽታ ነው አለችው፤ ግን የማይጥለው ዓይነት። ቢጫ፣ ለስላሳ ካፕሱል አዘዘችለት፤ ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ ጋር፣ ሳይዘለል፣ በራስ ፈቃድ ሳይቋረጥ። «ከቆመልህ ሥራህን ትሠራለህ» አለችው፣ «ከተመለሰብህ ግን የዚያኑ ዕለት ምላጩን አስቀምጠህ ወደኔ ትመጣለህ።» ቆመለት። ዓመታት አለፉ፣ ስሙ ብቻ ቀረ፣ ሰዉም በስሙ እየቀለደ ከረመ።

እና አሁን ተመልሷል። ተመልሷል፣ እሱ ደግሞ ምላጩን አላስቀመጠም። እንግዲህ እናንተው ፍረዱ፤ አንድ ፀጉር አስተካካይ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ከታወቀ ማን ነው ከእሱ ምላጭ ሥር አንገቱን ቀና አድርጎ የሚቀመጠው? ይህን ፈርቶ ነው ከሚስቱና ከሐኪሟ በቀር ለማንም ሳይተነፍስ የኖረው። መድኃኒቱን እንኳ ከፋርማሲ ባመጣ ቁጥር ከራሱ ዕቃ አውጥቶ የዓሣ ዘይት ብልቃጥ ውስጥ ይገለብጠዋል። ሁለቱም ቢጫ፣ ሁለቱም ለስላሳ፣ ጎን ለጎን ቢቀመጡ የወለዳቸው እናት አትለያቸውም። ቤት የመጣ እንግዳ ብልቃጡን ቢያይ «ጎሽ፣ ጤናውን ይጠብቃል» ይላል እንጂ ሌላ አይጠረጥርም። ይህን ዘዴ የፈጠረችው ሚስቱ ናት፤ እሱም በዘዴዋ ሲኮራ ኖሯል።

ከመጋረጃው ሲወጣ ጡረተኛው መምህር በር ላይ ነበሩ። ከሱ ወንበር ሌላ አይቀመጡም፣ በምላጭ ካልሆነም አይላጩም። ቀጮ ፈጠን ብሎ «መምህር፣ ዛሬ እኔ ጋ ይሁኑ» አላቸው። ፈላስፋው ደሙ ፈላ። እኔ እያለሁ ነው? አለ በልቡ፣ ዓይኔ እያየ? መምህሩን ወንበሩ ላይ አስቀመጠ፣ አንገታቸውን በፎጣ ጠቅልሎ አረፋውን ቀባና ምላጩን አነሳ፤ እልህ ነበር ያስነሳው። መምህሩ ስለ ጎረቤታቸው ውሻ እያወሩ ነበር። ውሻው አጥር ዘለለ ሲሉ ሰማ። ቀጥሎ የሰማው «ምላጩ ደንዟል፣ ቆይ ልቀይርልህ» የሚለውን የቀጮን ድምፅ ነው። ቀጮ አጠገቡ ቆሟል፤ እጁ የፈላስፋውን አንጓ ጨብጧል። ምላጩ የመምህሩ ጉሮሮ ላይ ነበር። ደም የለም፣ ጭረትም የለም፤ መምህሩም ዓይናቸውን ጨፍነው ስለ ውሻው እያወሩ ነው። ቀጮ ምላጩን ከእጁ ቀስ ብሎ ወሰደ፣ መስታወቱ ውስጥም ዓይን ለዓይን ተያዩ። የዋህ ሰው ቢሆን እግዜር ይስጥህ ይለው ነበር። ፈላስፋው ግን እነሆ ምስክር አገኘብኝ አለ፤ ነገ ወንበሬን ብቻ ሳይሆን ቤቱን በሙሉ ይወስደዋል አለ።

«ራሴን አሞኛል፣ ልሂድ» አለው።

«ልሸኝህ?»

«ለምን?» አለ ፈላስፋው፤ ቀጮም ወደ መምህሩ ዞረ።

መንገዱን ሁሉ ሲያሰላ ሄደ። መድኃኒቱን አንድም ቀን አልዘለለም። ታዲያ ለምን ተመለሰ? ደግሞ የተመለሰው እንደ ወጉ አይደለም፤ አንድ ቀን ምንም የለም፣ በማግሥቱ ሦስቴ አራቴ ይይዘዋል፣ ከዚያ ደግሞ ሁለት ቀን ሰላም ይሆናል። ሕመም በገዛ ራሱ እንዲህ አይቀልድም፤ የሚቀልድ ሰው ቢኖር ነው። ማን? ቀጮ ቤቱ መጥቶ ምሳ በልቷል፣ ግን ከተቀመጠበት አልተነሳም። ሚስቱስ? ባለፈው «ይሄ ነገር ሆድህን ያስነሳብሃል፣ ከሱ ቀለል ያለ የለም?» ብላው ነበር። ለምን አለች? ሲያስብ ሲያስብ የሚስቱ ታላቅ እህት ላይ ሲደርስ እግሩ ቆመ። እትዬ! ጉልበታቸውን ለመታየት ሻንጣቸውን ይዘው ከመጡ ወዲህ ነው ይህ ሁሉ የጀመረው። ሚስቱን እንደ እናት ሆነው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፣ እሱን ግን ገና ከሽምግልናው ጊዜ ጀምሮ ወደውት አያውቁም። ለሠርጉ መጥተው አንድ ጥግ ተቀምጠው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ቤቱን ሲረግጡ ይኸኛው የመጀመሪያቸው ነው። ሰላምታቸው እንኳ «እንዴት ነህ» ብሎ ወደ ሌላ ማየት ነው። ምን በድሏቸው እንደሆነ ሚስቱን ቢጠይቃት «እሷ እንዲህ ናት» ብላ ትተወዋለች።

ቤታቸው ፎቅ ላይ ነው፤ አንድ መኝታ፣ አንድ ሳሎን፣ ከሳሎኑ በእንጨት መከፈያ የተለየች ማብሰያ። በሩን ድምፅ ሳያሰማ ከፈተ። እትዬ በቀትር ሶፋው ላይ ጭንቅላታቸውን ጥለው ተኝተዋል። ሚስቱ ያስቀመጠችላቸው ምሳ አልተነካም፣ ቀዝቅዞ በላዩ ተጋግሯል። ሲመጡ እንዲህ አልነበሩም፤ ገና ጎሕ ሲቀድ ተነስተው ቤቱን የሚያምሱ፣ የሚስቱን መጋረጃ አውርደው የሚያጥቡ ሴት ነበሩ። አሁን በየደረሱበት ያንቀላፋሉ፣ ሲያንቀላፉም ስቅ ይላቸዋል። ምን ቢጠጡ ነው? አለ ፈላስፋው፤ እንግዲህ ጥርጣሬ አንዴ ከተነሳ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። በጫማው ጫፍ እየሄደ ማብሰያ ገባና ብልቃጡን ከመደርደሪያው አወረደው። ግራ የገባው ያኔ ነው። የጎደለ መስሎት ነበር፤ ብልቃጡ ግን ጠዋት ካየው ይልቅ ሞልቷል። ሌባ ይወስዳል እንጂ ይጨምራል እንዴ?

ሶፋው ሲንቋቋ ሰማና ብልቃጡን መልሶ ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ ገባ። የገዛ ቤቱ ውስጥ እንደ ሌባ መደበቁ አላሳፈረውም። እትዬ ተነሱ፣ ግድግዳ ይዘው ትንሽ ቆሙ፣ ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር ወሽቀው ወጡ። ተከተላቸው። በእግረኛው መንገድ ላይ ከቆመ ሚኒባስ ወደ ጋዜጣ መሸጫ፣ ከጋዜጣ መሸጫው ወደ ጫማ ሰፊው ጥላ እየተሸጋገረ። እትዬ ግራ ቀኙን አይተው የጥጉ ፋርማሲ ገቡና ትንሽ የወረቀት ከረጢት ይዘው ወጡ። ከረጢቱን ከሻርፓቸው ሥር ደበቁት። ሲመለሱ መሐል መንገድ ላይ ዞረባቸው፤ የመብራት ምሰሶ ይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፈላስፋው ሊደግፋቸው አንድ እግሩን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። ይህችን እግሩን በኋላ ብዙ ጊዜ አስታውሷታል፤ ባስታወሳት ቁጥርም ያፍራል።

ቤት ከገቡ በኋላ ትንሽ ታግሶ በሩን በረገደው። እትዬ ማብሰያው ውስጥ ናቸው። አዲስ የዓሣ ዘይት ብልቃጥ ከፍተው ወደሱ ብልቃጥ እየገለበጡ ነበር።

«ምን እያደረጉ ነው?»

ብልቃጡ ከእጃቸው አመለጠ። ቢጫው ሁሉ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፤ ከምድጃው ሥር፣ ከውኃ ጀሪካኑ ኋላ። እትዬ ደረታቸውን ይዘው ቆሙና ስቅ አላቸው። ከዚያ፣ እኚህ ኩሩ ሴት፣ ለሱ አንገታቸውን ደፍተው የማያውቁት ሴት፣ እንደ ልጅ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«አስደነገጥከኝ... እንዳታይብኝ ብዬ ነበር። የመጣሁ ሰሞን ጉልበቴን ሲቆረጥመኝ፣ ዘይቱ ለመገጣጠሚያ ጥሩ ነው ይባላል ብዬ ከናንተው ወሰድኩ። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ከዚያ ሳየው ጎድሏል። የሰው ቤት ገብታ ዕቃ ጨረሰች እንዳልባል እየገዛሁ እተካለሁ። ዛሬም የነበረኝን ጨምሬ አልሞላ ቢለኝ ነው ሌላ የገዛሁት። በቃ ይሄው ነው።» አፋቸውን በሻርፓቸው ጠረጉ። «ደግሞ የናንተው ይሻላል። ሆዴን ቢያውከኝም እንቅልፍ ይሰጠኛል። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም። ስሄድ አንድ ብልቃጥ ትገዙልኛላችሁ።»

ፈላስፋው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሊስቅም ሊያለቅስም ቃጣው። እሱ የዓሣ ዘይት፣ እሳቸው የሱን መድኃኒት፤ አንዳንድ ቀን ዕድሉ ሲቀና ደግሞ እሱም የራሱን። ብልቃጡ ውስጥ የተደባለቀው ይኸው ነው። ቀኑን ሙሉ የጠላት እጅ ሲፈልግ የዋለው ለዚህ ነበር። ቀጮም ትዝ አለው፤ ያ ምስኪን የሱን ወንበር ሳይሆን የመምህሩን ጉሮሮ ነበር የሚጠብቀው። ምላጩ ደንዟል ያለውም የሱን ገመና ሊሸፍንለት ነው። ስንት ቀን እንዲህ ሲሸፍንለት ከርሟል?

ሚስቱ ከምትሠራበት ላውንደሪ ስትመለስ ሁለቱን ወለሉ ላይ አገኘቻቸው፤ እህቷ አንድ ዐረፍተ ነገር እንደተናገሩ ነገሩ ሁሉ ገባት። «ውይ እትዬ፣ ለዘይት ነው እንዲህ የተጨነቅሽው?» ብላ ሳቀች፣ እየሳቀችም የባሏን እጅጌ ጎትታ መኝታ ቤት አስገባችው። በሩን ስትዘጋ ሳቁ ከፊቷ ወርዶ ነበር።

«ዝም በል» አለችው በሹክሹክታ። «አዲስ መድኃኒት እናመጣለን፣ ሌላ ቦታ እንደብቀዋለን። እሷ በዚህ ሳምንት ትሄዳለች፣ ያልፍላታል።»

«የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ እኮ። መንገድ ላይ ሊወድቁ ነበር፣ ዓይኔ እያየ።»

«እናቴ ማለት ናት። ስንት ዓመት ደብቀናት! አሁን ተነስቼ ምን ልበላት?»

ወደ ማብሰያው ተመለሰና ካፕሱሎቹን ከወለሉ ለቅሞ በመዳፉ ላይ ዘረጋቸው፤ እትዬ ከመከፈያው ወዲያ ሶፋው ላይ ናቸው። ደህና የሚመስሉትን ሁለት አነሳ፤ የቀረበትን ሁሉ ባንዴ ሊያካክስ። ሚስቱ ደርሳ እጁን መታችና በሹክሹክታ ተቆጣችው። «ሐኪሟ ደርበህ እንዳትወስድ አላለችህም? ደግሞስ የትኛው የትኛው እንደሆነ በምን ታውቃለህ?» እውነቷን ነው። የቱ የቱ እንደሆነ አይታወቅም። ፈራ፤ ከልቡ ፈራ። ዝም ቢል ነገ ፀጉር ቤቱ ይገባል፣ ስሙም ፈላስፋው እንደሆነ ይቆያል። እትዬ ደግሞ የመድኃኒት ዓይነት በሆዳቸው ይዘው፣ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ እያሉ፣ አንድ ቀን ደረጃ ላይ ይዞርባቸዋል። ለሐኪም እንኳ ምን እንደወሰዱ መናገር አይችሉም፤ እሳቸው የሚያውቁት ዘይት ነው።

«እትዬ» አለ በመከፈያው አልፎ። «የወሰዱት ዘይት አይደለም። የኔ መድኃኒት ነው። የሚጥል በሽታ አለብኝ።»

እትዬ አዩት። ወደ እህታቸው ዞረው እሷንም አዩዋት። ሚስቱ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እትዬ ሻርፓቸውን አስተካክለው በሩ ላይ ቆሙ። ሦስቱ ተከታትለው ወደ ጤና ጣቢያው ሄዱ፤ ብልቃጡን እሱ ይዞ፣ ሚስቱ የእህቷን ክንድ ደግፋ። በመንገዱ ሁሉ የተሰማው የእትዬ ስቅታ ብቻ ነው። ፈላስፋው ያን ዝምታ በየቤቱ ደጃፍ ሲተረጉም ሄደ። እህቴን ይዤ እሄዳለሁ ሊሉ ነው። አታለላችሁኝ ሊሉ ነው። መርዝ አበላችሁኝ ሊሉ ነው።

የጤና ጣቢያው መድኃኒት ክፍል ወፍራም መስታወት አለው፤ ቀዳዳው ዝቅ ያለ ስለሆነ ካልጮኹ አይሰማም። ወረፋው እስከ በሩ ድረስ ነው። ፈላስፋው ቀዳዳው ጋ ጎንበስ ሲል ከኋላው የሚያውቀው ሳል ሰማ፤ ዞር ሲል ጡረተኛው መምህር የመድኃኒት ወረቀታቸውን ይዘው ቆመዋል። አረፋው ከጆሯቸው ሥር ገና ሳይጠረግ ቀርቷል። ከዚህ ሁሉ ሰው መሐል! ፈላስፋው ብልቃጡን በቀዳዳው አሾልኮ በለሆሳስ የሆነ ነገር አለ።

«አልሰማሁህም!» አለች ፋርማሲስቷ። «ይሄ የዓሣ ዘይት ነው። ምን ይሁንልህ?»

«ዘይት ብቻ አይደለም። ተደባልቋል።»

«ከምን ጋር? የማን መድኃኒት? ለምን ሕመም?»

ፈላስፋው ወለሉን አየ። እትዬ ምሰሶውን ተደግፈው ቆመዋል፣ ከንፈራቸው ደርቋል። ያኔ ቀና አለና ጮኸ። «የኔ ነው! የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው! ዘይት ብልቃጥ ውስጥ ደብቄው እሳቸው ሳያውቁ ወሰዱት፣ እኔ ደግሞ ዘይቱን ስወስድ ከረምኩ!» ፋርማሲስቷ አልጮኸችም፣ አልተሳለቀችም። ብልቃጡን ወደሷ ሳበችና እትዬን ሌላ ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ፣ መቼ የመጨረሻውን እንደዋጡ ጠየቀቻቸው። ሁለቱም ሳይውሉ ሳያድሩ አሁኑኑ ሐኪም ጋ እንደሚገቡ ነገረቻቸው። ብልቃጡን ለማስወገድ አስቀረችው። «መድኃኒት ከገዛ ዕቃው አይወጣም» አለችው፣ «ስሙም አይደበቅም። በገዛ ሐሳብህም አትጀምረው፤ እንዴት እንደምትመለስበት ሐኪሟ ናት የምትነግርህ።»

ፈላስፋው ወደ መምህሩ ዞረ። «መምህር፣ ሐኪም እስኪፈቅድልኝ ምላጭ አልይዝም። ቀጮ ይላጭዎት። ዛሬ ጠዋት ማስቀመጥ ነበረብኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።» መምህሩ ጉሮሯቸውን ዳሰሱ፤ ሳያስቡት ነው የዳሰሱት። «መቀስስ?» አሉ። «እሱንም እጠይቃታለሁ» አላቸው። መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይመለሱ አይመለሱ ከፊታቸው አይነበብም ነበር።

የሐኪሟ ክፍል ደጃፍ ላይ ባለው አግዳሚ ሦስቱ ተቀመጡ፤ እትዬ በመሐል። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ፊት ለፊታቸው ያለውን ግድግዳ እያዩ አፍ አወጡ።

«ይሄ ነገር... ሲይዝህ አትሰማም?»

«አልሰማም። አላይም። እንዳልነበርኩ ነው።»

«እኔ እኮ ጠይቄህ ነበር» አሉ እትዬ። «ሽማግሌ የላክህ ጊዜ፣ ቤቴ መጥተህ፣ ብቻህን ወደ ጓዳ ጠርቼህ። ዓይን ዓይኔን እያየህ ዝም አልከኝ። ከዚያ ‹ሻዩ ይጣፍጣል› አልከኝ። ሻዩ ይጣፍጣል! ይሄ ሰው ንቆኛል ብዬ ይሄን ሁሉ ዓመት በቤትህ ሳላልፍ ኖርኩ። እህቴን በምን እጅ ጣልኳት ብዬ ስንት ጊዜ አለቀስኩ።»

ፈላስፋው ያን ቀን አስታወሰ፤ ጓዳውን፣ የሻዩን ብርጭቆ፣ የእትዬን ነጠላ። ጥያቄውን ግን አላስታወሰም፤ የሚያስታውሰው ጥያቄ አልነበረውም።

«ምን ብለው ነበር የጠየቁኝ?»

እትዬ ዞሩ። ዓይኑ ውስጥ እሱ መኖሩን እስኪያረጋግጡ ትኩር ብለው አዩት።

«ትወዳታለህ ወይ ነው ያልኩህ።»

ሚስቱ ጫማዋን ታያለች። ጆሮዋ ቀልቷል። ፈላስፋው በመድኃኒት ክፍሉ መስታወት ሲጮህ የነበረው ድምፁ ገና አልወረደለትም ነበር።

«እወዳታለሁ፣ እትዬ!»

ኮሪደሩ ሁሉ ዞሮ አየ። ሚስቱ በእህቷ ጀርባ እጇን አሳልፋ ትከሻውን ያዘችው።

«ቀስ በል እንጂ፣ ሰው ይሰማል» አለችው።

«ይስማ» አሉ እትዬ።